የመፋቂያው እልልታ

የአንድን ሰው ኑሮ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሳሎኑን ተዉት። ሳሎን ለእንግዳ ተብሎ የሚሰናዳ ስለሆነ ሊዋሽ ይችላል። ይልቅስ የሚታጠብበትን ጥግ እዩ። እኔ ቤት ብትመጡ፣ ከመታጠቢያው በላይ ባለችው ጠባብ መደርደሪያ ላይ መዓት የፕላስቲክ ብልቃጥ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ታገኙ ነበር፤ አንዱን ስታነሱ ሌላው ይወድቃል። አልቋል ተብሎ የተፈረደበት ሻምፖ ውሃ ይጨመርበትና ይነቀነቃል፣ እንደገና ሻምፖ ይሆናል። የጥርስ ሳሙናው ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻ በመቀስ ተቀዶ ሆዱ ይፈተሻል። ለፊት የተባለውን ቅባት እግሬን፣ ለእግር የተባለውን ፊቴን ስቀባ ከርሜ እስካሁን ልዩነቱን የነገረኝ ሰው የለም። አትሳቁ፤ የእናንተም መደርደሪያ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አሁን ደግሞ «ፕላስቲክ ይቅር» የሚባል ነገር መጥቷል። ነገሩ መልካም ነው። በክረምት ጎርፉ ከከተማችን ተነስቶ ቁልቁል ሲወርድ ምን ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ ያየ ሰው አይቃወምም። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ከገጠር ወጥተን ደብረ ታቦር ስንገባ ከተሜ መሆናችንን ያስመሰከርነው በምን ሆነና? መፋቂያ ጥለን ብሩሽ በመያዝ፣ ቅቤ ትተን ሎሽን በመቀባት አይደል? እንግዲህ ብሩሽ የጨበጠ ሰው ተመልሰህ መፋቂያ ያዝ ሲባል የደረጃ ዕድገቱ የተሰረዘበት ይመስለዋል። ሌላው ዓለም ፕላስቲክ ሲተው አዲስ ነገር ጀመረ ይባላል። እኛ ስንተው ጎረቤት ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ምነው፣ ቸገረው እንዴ?» ይላል።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው በእህቴ ልጅ በአንዱዓለም ሠርግ ሰበብ ነው። አንዱዓለም እዚሁ ከተማ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። እጁ የተባረከ፣ አንደበቱ ቁጥብ ልጅ ነው። ያጫት ልጅ ደግሞ ትርንጎ ትባላለች፤ ጋፋት በኩል የሚያርሱት የአያ ሙላት ልጅ ናት። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ እዚያ ሳለችም የሰው መታጠቢያ ቤት ስታጸዳ፣ የእመቤቶቿን ብልቃጥ እያነሳች፣ እየወለወለች፣ መልሳ ስትደረድር የኖረች ልጅ ናት። አገሯ በገባች ሰሞን የአባቷ የምትታለብ ላም ሞተች። ሆዷ ሲከፈት ፌስታልና ባዶ የሻምፖ ከረጢት ተጠቅልሎ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ትርንጎ በፕላስቲክ የመጣ ነገር ገላዬን አይነካም አለች። አሁን ገበያው አጠገብ በተከራየቻት ክፍል ሳሙና ትሠራለች፤ በደረቅ የኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ትሸጣለች። እውነቱን ለመናገር ሳሙናው አረፋ ላይ ትንሽ ስስታም ነው። ሽታው ግን ደስ ይላል።

ጥሎሽ ሊጣል ሰሞን አንዱዓለም እኔ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ፣ ትርንጎ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለኝ። «ጥሎሹ ውስጥ ፕላስቲክ የሚባል እንዳይገባ። ቃል ገብቼላታለሁ። አንድ እንኳ ቢገኝ ሠርጉ ይቀራል ብላኛለች።»

«ለአንድ ብልቃጥ?»

«ለአንድ ብልቃጥ። ለምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ እኔ ብቻ አደራዎን» አለና ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ ሥራው ሄደ።

አደራውን የሰጠኝ ጥሎሽ ጠሪው እኔ ስለሆንኩ ነው። በእኛ ዘንድ ጥሎሽ ዕቃ አስረክቦ ውልቅ ማለት አይደለም። የሙሽራው ዘመዶች ሳጥኑን ይዘው ሙሽራዋ ቤት ይሄዳሉ፤ ሙሽራው ራሱ እቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከሄዱት አንዱ ይቆምና ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣ፣ ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ ስሙን እየጠራ ያስረክባል። የሙሽራዋ ወገኖች ይቀበላሉ፣ ይዳስሳሉ፤ ካማራቸው እልል ይላሉ፣ ካላማራቸው «ይቺው ናት?» ይላሉ። ሙሽራዋ ግን አትታይም። ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ትሰማለች እንጂ አታይም። ለጠሪነት የምመረጠው እንግዲህ ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ነው። ቢሮ ስልክ ሳወራ ባልደረቦቼ «ስልኩን ዝጋውና አውራ፣ ይሰማሃል» ይሉኛል።

አንዱዓለም ሳጥኑን ራሱ ሠራው፤ ከዋንዛ እንጨት፣ ክዳኑ ላይ ቅጠል ፈልፍሎበት። ልብሱና ወርቁ እንደ ወጉ ተገዛ። መዋቢያው ላይ ግን ልጁ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። የእንጨት ሚዶ ጠረበ። ኩሉን በቀንድ፣ ሽቶውን በመስተዋት ብልቃጥ አደረገ። ለጋ ቅቤ በአሪቲ አሽቶ በትንሽ ቅል ሞላ፤ የወይራ መፋቂያ እኩል እኩል ቆርጦ በቀይ ክር አሰረ። የትርንጎን ሳሙና እንኳ በሰው እጅ አስገዝቶ አስገባ። እኔ አይቼ ወደድኩት። እናቱ አየችና አለቀሰች።

እናቱን እታለም ነው የምላት፤ እሷ ወንድምዓለም ትለኛለች። ታላቄ ናት፣ ገጠር ነው የምትኖረው። «ወንድምዓለም፣ አንድ ልጄን በመፋቂያ ልድር?» አለችኝ። «ዓረብ አገር ደርሳ ለመጣች ልጅ ቅቤ በቅል? ምን ይሉኛል?» ፍርሃቷ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። የሙሽራዋ አክስት እትዬ ጥሩወርቅ፣ የአያ ሙላት እህት፣ «ለልጃችን የማይመጥን ከመጣ ሳጥኑን ከነተሸካሚው እንመልሳለን» ማለታቸው ተሰምቷል። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ያሉትን በማድረግ የታወቁ ሴት ናቸው። እታለምን አጽናናኋት፣ ያጽናናኋትም መሰለኝ።

ዕለቱ ደረሰ፣ አያ ሙላት ቤት ገባን። ሰው ግጥም ብሏል፤ ጠላው ይቀዳል፣ ሣር ተጎዝጉዟል። ሳጥኑ መሃል ተቀመጠ፣ እኔም ጋቢዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ከጓዳው በር ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ቀሚሱን ጠራሁ፣ እልል ተባለ። ካባውን ጠራሁ፣ እልል ተባለ። ወርቁ ጋ ስደርስ ቆርቆሮው ሊነሳ ደረሰ። እትዬ ጥሩወርቅ ሁሉንም በእጃቸው እየመዘኑ፣ እየነካኩ ተቀበሉኝ።

ከዚያ መዋቢያው መጣ።

«ሚዶ! ሙሽራው በገዛ እጁ የጠረበው!» አልኩ። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው አሳለ። «ሳሙና! በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ!» አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና ለጎናቸው ሴት «እኔ እኮ ዳቦ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሳቅ ሆነ፤ ግን ደግ ሳቅ አልነበረም። ከቅሉና ከመፋቂያው በፊት እንደምንም ነፍስ የሚዘራ ነገር ባገኝ ብዬ እጄን ወደ ሳጥኑ ጥግ ሰደድኩ። እጄ አንድ ለስላሳ፣ ወገበ ቀጭን፣ አናቷ ላይ በጣት የሚጫኑት አፍ ያላት ነገር ጨበጠ። ሎሽን ናት። አጠገቧ ደግሞ እህቷ ሻምፖ ቆማለች። ሁለቱም ፕላስቲክ፣ ሁለቱም ገና የሚያብረቀርቁ።

እታለምን አየኋት። እሷ ጣሪያውን ታያለች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዕቃውን ባወጣው የአንዱዓለም ቃል ይፈርሳል፣ ሠርጉም ይቀራል። ባላወጣው እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው ከአሁኑ ዳምኗል፤ ቅሉንና መፋቂያውን ሲያዩ ሳጥኑን በጀርባዬ አሸክመው ይሰዱኛል፣ ሠርጉ ያም ሆነ ይህ ይቀራል። እዚያ ላይ ነው አንድ ሐሳብ ብልጭ ያለልኝ፤ ብልሃት ይሁን ሰይጣን እንጃ፣ ሁለቱ ሲመጡ ድምፃቸው አንድ ነው። ጉዳዩ የተከፈለው በዓይንና በጆሮ ነው። ሎሽን የሚፈልጉት እዚህ ተቀምጠው ያያሉ። ፕላስቲክ የማትፈልገው ጓዳ ሆና ትሰማለች። ለዓይኑም ለጆሮውም የየድርሻውን ብሰጥ ማን ይከሰኛል?

ሎሽኗን ከፍ አድርጌ አነሳሁና በዚያ ድምፄ «ለጋ ቅቤ! በአሪቲ የታሸ፣ በቅል የተሞላ!» አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ እጄን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ መልሰው እጄን አዩ። ከዚያ ጠቀሱኝ። እንዲህ ያለ ፈጣን አእምሮ ቢሮአችን ውስጥ ቢኖር የት በደረስን ነበር። ቀድመው እልል ሲሉ ሌላው ሁሉ ተከተላቸው፤ ዓይኑ ሎሽን ያየ ሰው ጆሮውን መቼ ያምናል! እኔም ልቤ ሞላ። ሻምፖዋን መዘዝኩና ከፊተኛው በበለጠ ድምፅ «የወይራ መፋቂያ! በቀይ ክር የታሰረ!» ብዬ አወጅኩ። ሴቶቹ ተነሱ። እልልታው ከጭብጨባ ጋር ቤቱን አናጋው፣ ውጭ ያሉት ሕፃናት ሙሽራ መጣች ብለው ሮጠው ገቡ።

መጋረጃው ተገለጠ።

ትርንጎ ቆማለች። በሹሩባዋ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋለች፣ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ለመፋቂያ እልል ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለች።

እኔ ሻምፖዋን ወደ ላይ እንዳነሳሁ ቀርቻለሁ፤ እጄን ማውረድ የሚባለው ነገር ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ የያዙት ምንድነው?»

«ሻምፖ» አልኩ። ያ ሁሉ ድምፅ ወዴት እንደገባ እግዜር ይወቀው፤ ለራሴም አልተሰማኝ።

«በፕላስቲክ?»

«በፕላስቲክ።»

ቀረብ ብላ ከእጄ ወሰደቻት፣ አገላብጣ አየቻት። «ዓረብ አገር ስሄድ ደላላው ‹ሁለት አሮጊቶች ብቻ ያሉበት ቤት ነው› ብሎኝ ነበር» አለች፣ እንደ ቀላል ወሬ። «ደርሼ ያየሁት ፎቅ ሙሉ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ታርፊያለሽ ተብዬ ነበር፤ እሑድ መቼ እንደሚውል እስኪጠፋኝ ድረስ ሠራሁ። የሚነገረኝ ሌላ፣ የማየው ሌላ ነበር። አንዱዓለምን ፕላስቲክ እንዳይኖር ያልኩት የላሟ ነገር አንጀቴን ስለበላው ብቻ አይደለም። የተናገረውና ያመጣው አንድ ሲሆን አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ ልይ ብዬ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ ዘመዶቼ። ሳጥኑን ይውሰዱት።»

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ዞረች። እኔ ጥፍሬ ድረስ አፈርኩ። የልጅቷ ቁስል የት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ልክ እዚያው ላይ ጣቴን ከትቼ በዚያ ጉሮሮዬ ጮህኩበት። አንዱዓለም እቤቱ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የምሥራች እንደሚጠብቅ ትዝ ሲለኝ ዓይኔ ውሃ ሞላ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ሙሽሪትን ሊያሳጣው የነበረው የእኛ የትልልቆቹ ብልጠት ነው።

ያን ጊዜ እታለም ተነሳች።

«ልጄ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ። «አንዱዓለም አያውቅም። ወንድሜም ሳጥኑ ውስጥ አሁን ነው ያገኘው፤ የቀባጠረው ለእኔው ፈርቶ ነው። እኔ መንደሬ ውስጥ አንገቴን እንዳልደፋ ብዬ ነው። ቅቤውም ቅሉም ከሥር አለ። ልጄ የሠራልሽ ሁሉ አለ። አንድም አላወጣሁበትም፣ ጨመርኩበት እንጂ።»

ትርንጎ የመጋረጃውን ጫፍ እንደያዘች ቆመች። አልገባችም፣ አልወጣችም። አያ ሙላት እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል ሳይናገሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«ጠሪው ተሳስተዋል» አሉ። «ጠሪ ሲሳሳት ጥሎሽ አይመለስም። እንደገና ይጠራል። ልጄም ወዲህ ትምጣ፣ እዚህ ፊት ለፊት ትቀመጥ። እያየች ትስማ።»

ሙሽራ በገዛ ጥሎሿ ላይ! አሮጊቶቹ ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾኩ። እትዬ ጥሩወርቅ «ኧረ እንዲህ ያለ ነገር በዘራችንም አልታየ!» ሲሉ አያ ሙላት «ዛሬ ታየ» አሏቸውና በርጩማ አስመጡ። ትርንጎ ተቀመጠች። ዕቃው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ሳጥኑ ተመለሰና እኔ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ይህን ያህል ዘመን ጥሎሽ ስጠራ እንደዚያን ቀን ጠርቼ አላውቅም። «ቀሚስ!» አልኩ። «ጥልፉ ከፊት ያማረ፣ ከኋላ አንድ ክር የተፈታ!» ሳቅ ተጀመረ። «ጫማ! ልኩ ሳይታወቅ በግምት የተገዛ፤ ከጠበበ ይቀየራል!» «ወርቅ! የሙሽራው እናት የነበረ፣ ቀልጦ እንደ አዲስ የተሠራ!» እዚህ ላይ እታለም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ እትዬ ጥሩወርቅ ግን ይህንን ሲሰሙ ወርቁን ከበፊቱ የበለጠ በአክብሮት ያዙት። «ሚዶ! ስትጠረብ አንድ ጥርሷ ተሰብሮ ከሌላ እንጨት እንደገና የተጀመረች!» «ሳሙና! ሙሽራዋ ራሷ የሠራችው፣ አረፋው ትንሽ፣ ሽታው ብዙ!» ትርንጎ ሳቀች። የሳቀች ጊዜ በደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳልኝ። «ቅቤ! በቅል!» አልኩና እውነተኛውን ቅል አነሳሁ። «መፋቂያ! በቀይ ክር!» እልል ተባለ፤ ሴቶቹ ይህን ጊዜ ለመፋቂያ እልል ማለታቸውን አውቀው፣ በሳቅ እየተንፈራፈሩ ነበር።

በመጨረሻ ሎሽኗን አወጣሁ።

«ሎሽን! በፕላስቲክ! ቃል በተገባው ውስጥ የሌለች! ያስገባቻት የሙሽራው እናት፣ ከፍርሃት። የደበቃት የሙሽራው አጎት፣ ከዚያ በባሰ ፍርሃት!»

ትርንጎ ተነስታ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «ይቺን እቀበላለሁ» አለች። «ተነግሮኛላ።» ሄዳም እታለምን ጉልበቷን ሳመች። እታለም እንዴት እንዳለቀሰች አልነግራችሁም፤ እኔም አብሬያት ሳለቅስ ስለነበር በደንብ አላየሁም። አንዱዓለም ስልክ ደወልኩለት፤ ድምፄ ተመልሶልኝ ስለነበር ስልክ ባያስፈልግም ይሰማኝ ነበር። ሻምፖዋን በተመለከተ ክርክር ሊነሳ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ «ለልጅቷ ካልሆነማ እኔ ልያዘው» ብለው ነጠላቸው ሥር ከተቱትና ነገሩ በሰላም ተቋጨ።

ሠርጉ ሆነ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። እኔም ከእነሱ ጋር ስወጣ ስገባ የመታጠቢያ ቤቴ መደርደሪያ ቀስ በቀስ እየሳሳ መጥቷል። ጠዋት ጠዋት መፋቂያዬን ይዤ ደጃፌ ላይ ስቆም የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንደ ጥንቱ ሰላም ይለኛል፤ ማንም ደረጃዬን አልቀነሰብኝም። አንዱ ጎረቤት ብቻ ቸገረህ ወይ ብሎኛል፤ እሱም ከርሞ መፋቂያ ከየት ነው የምትገዛው አለኝ።

የአዲሶቹ ሙሽሮች ቤት ውስጥ ያለ የፕላስቲክ ብልቃጥ ያቺ ሎሽን ብቻ ናት። ትርንጎ ለራሷ አንድ ጠብታ አልተቀባችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እታለም ከገጠር ለገበያ ስትመጣ ግን ውሃ ታሞቅና እግሯን ታጥባታለች፤ ከዚያ ሎሽኗን አውርዳ መንገድ የሰነጣጠቀውን ተረከዟን በቀስታ ትቀባታለች። እታለም መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ ለአንቺ ነው ያመጣሁት!» ብላ እግሯን ትሰበስብ ነበር። «ለእኔ ከሰጡኝማ የፈለግሁትን ላድርገው፣ እማዬ» ትላታለች። ያለፈው ቅዳሜ እኔም እዚያው ነበርኩ። ትርንጎ የብልቃጧን አናት ፈትታ ገልብጣ መዳፏ ላይ መታ መታ አደረገቻት። ምንም የለም።

«አለቀ» አለች እታለም፣ ቅር ብሏት። እግሯን አየች፣ ብልቃጧን አየች፣ ወደ ትርንጎ ዞረች።

«ዳለቻዋ ላሜ ወልዳለች፤ ለሁለታችንም የሚበቃ ቅቤ አለኝ» አለቻት። «በምን ላምጣልሽ?»